የኋላ ፍሬን ሸራን በጥንቃቄ ስለ መለወጥ

አውቶሞቢልን ማስሄድ የሞተር ሥራ ነው፤ ማቆም ግን የፍሬን ሥራ ነው። ሞተሩ ባይነሣ ባለቤቱ ከቤቱ ይውላል፤ ፍሬኑ ባይዝ ግን የተሳፋሪውም የእግረኛውም ሕይወት ይጠፋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ በእንዲህ ያለ ስፍራ የፍሬን ጥቅም ለሁሉ ግልጥ ነው።

ስለ አሠራሩ። ነጂው የፍሬኑን መርገጫ ሲረግጥ ዘይቱ በቀጭን ቧንቧ ተገፍቶ ፒስቶኑን ይጫነዋል፤ ፒስቶኑም ከጎማው ጋር የሚዞረውን የብረት ዲስክ በሁለት ሸራዎች መካከል ያጣብቀዋል። በዚህም ሰበቃ የሩጫው ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። መምህሩ ልጆቹን መዳፋቸውን አጥብቀው እንዲፋትጉ ቢያዝዝ ነገሩን በቶሎ ያስተውሉታል። ሸራው በሰበቃ ጥቂት በጥቂት ስለሚያልቅ፣ ውፍረቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ሊለወጥ ይገባዋል።

ስለ ኋላ ፍሬን። በብዙዎቹ አውቶሞቢሎች የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። የኋላውን ሸራ ለመለወጥ ግን የእጅ ፍሬኑ መለቀቅ አለበት። እንግዲህ የቆመውን አውቶሞቢል ይይዝ የነበረው ነገር በሥራው ጊዜ አይኖርም ማለት ነው። ስለዚህ የሥራው ዋና ሕግ፣ አንዱን መያዣ ከመልቀቅ አስቀድሞ ሌላ መያዣ መተካት ነው።

የሥራው ተራ።

1ኛ፤ አውቶሞቢሉ በደልዳላና በጠንካራ መሬት ላይ ይቁም፤ የፊት ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም በጉማጅ እንጨት ይታገዱ።

2ኛ፤ ጎማው ገና መሬት ላይ ሳለ ቡሎኖቹ ጥቂት ይላሉ። ከዚያ በኋላ አውቶሞቢሉ በክሪክ ተነሥቶ በብረት መቆሚያ ላይ ይረፍ። ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ መያዣ አይደለም፤ በክሪክ ብቻ ከተነሣ አውቶሞቢል በታች የሚገባ ሰው ራሱን ለሞት ይሰጣል። ጡብና ድንጋይ ቢደረደርም በድንገት ስለሚሰነጠቅ አይታመንም።

3ኛ፤ ጎማው ይውለቅ፤ የእጅ ፍሬኑም አሁን ይለቀቅ። የሸራውን አቧራ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ እንጂ መንፋት አይገባም፤ በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ይገኛልና።

4ኛ፤ ፒስቶኑን የያዘው ክፍል ሲፈታ በሽቦ ይታሰር እንጂ በዘይቱ ቱቦ አይንጠልጠል። በብዙ የኋላ ፍሬኖች ፒስቶኑ እየዞረ እንጂ በግፊት ብቻ ወደ ውስጥ አይመለስም፤ በግድ ቢገፉት ይበላሻል። የእጅ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ፣ ልዩ ሥርዓት ስላለው ለባለሙያ መስጠት ይሻላል።

5ኛ፤ አዲሱን ሸራ ዘይትም ቅባትም አይንካው። የግራው ሲለወጥ የቀኙም አብሮ ይለወጥ፤ አለዚያ የሁለቱ ወገን አያያዝ እኩል አይሆንም።

6ኛ፤ ጎማው ተመልሶ አውቶሞቢሉ ወደ መሬት ከወረደ በኋላ ቡሎኖቹ በመስቀልኛ ተራ ይጥበቁ።

ከመንዳት በፊት። ፒስቶኑ ወደ ውስጥ ስለ ተመለሰ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ አውቶሞቢሉ ሳይንቀሳቀስ መርገጫው እስኪጠነክር ድረስ ደጋግሞ መርገጥ ያስፈልጋል። ይህን የዘነጋ ሰው ሥራውን ሁሉ አሳምሮ ሳለ በመጀመሪያው መታጠፊያ ፍሬን ሊያጣ ይችላል። ቀጥሎም የዘይቱ ልክ ይታይ፤ ፍሬኑም ሰው በሌለበት ሜዳ በዝግታ ይፈተን። መርገጫው ካልጠነከረ አውቶሞቢሉ ከስፍራው አይነሣ፤ ባለሙያ ይጠራ።

ጥያቄ።

1. የኋላ ሸራ ሲለወጥ የእጅ ፍሬን ስለ ምን አይታመንም?
2. ክሪክና የብረት መቆሚያ ሥራቸው በምን ይለያል?
3. ከመንዳት በፊት መርገጫውን ደጋግሞ መርገጥ ስለ ምን ያስፈልጋል?