ጉንዳኗ ከመስታወት አልተሠራችም

  የዛሬው ትምህርታችን ስለ ጉንዳን ነው።

መልእክቱ ለብዙዎቻችሁ ሳይደርሳችሁ አይቀርም፤ በቴሌግራም ጠፋ ሲባል ተመልሶ ይመጣል። በሱረቱ አን-ነምል አንዲት ጉንዳን ወገኖቿን የሱለይማን (ዐ.ሰ) ሠራዊት ሳያውቅ እንዳይጨፈልቃቸው ወደ ቤታቸው እንዲገቡ ታስጠነቅቃለች። እዚያ ላይ የተጠቀመችው የዐረብኛ ግስ «መሰባበር» የሚል ትርጉም አለው። እንደ መልእክቱ ከሆነ አንድ የአውስትራሊያ ሳይንቲስት በዚህ ቃል ስህተት ሊያወጣ ፈልጎ ጉንዳንን መረመረ፤ አብዛኛው ሰውነቷ መስታወት ሆኖ አገኘው፤ ወዲያው ሰለመ። ከሥሩ ደግሞ «ሱብሓነላህ ብላችሁ ለ10 ሰው ላኩ» ይላል።

የሳይንቲስቱ ስም አልተጻፈም። የዩኒቨርሲቲው ስም የለም፣ ጥናቱ የወጣበት መጽሔትም የለም። የጉንዳን ሽፋን የተሠራው ካይቲን ከሚባል ንጥረ ነገርና ከፕሮቲን ነው፤ የአንበጣም ልባስ ያው ነው። በዐረብኛው በኩልም ቢሆን ክርክሩ አይቆምም። በሱረቱል ሐዲድ አረንጓዴ የነበረው አዝመራ ቢጫ ሆኖ ደርቆ ሲሰባበር የተገለጸው ከዚሁ ሥር በወጣ ቃል ነው። አዝመራ ከመስታወት ተሠርቷል ያለ ሙፈሲር ግን አናውቅም። ቃሉ መጨፍለቅን፣ ማድቀቅን ይገልጻል፤ በእግር የተረገጠች ጉንዳንም የሚደርስባት ይኸው ነው። አንቀጹ ያለ መስታወቱ ምንም አልጎደለውም።

«ኡስታዝ፣ በመልካም ኒያ የተላከ ነው፤ ምን ይጎዳል?» ትሉኝ ይሆናል። የሚጎዳውን ልንገራችሁ። አንድ የባዮሎጂ ተማሪ ይህን መልእክት ለዶርም ጓደኞቹ አሳየ። አንዱ «ምንጩ የት ነው?» አለው። ሊመልስለት ሌሊቱን ሙሉ ፈለገ፤ አጣ። ወደኔ ሲመጣ ጥያቄው ስለ ጉንዳን አልነበረም። «ይህን ያስተማሩኝ ሰዎች ካልዋሹ የቀረውን በምን አውቃለሁ?» ነበር ያለኝ። ኢማኑን በቁርኣን ላይ የገነባ መስሎት በፎርዋርድ ላይ ገንብቶት ነበር። ቁርኣኑና መልእክቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማስረዳት ብዙ ሳምንታት ተቀምጠን ማውራት ነበረብን። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይዞ የመጣው እሱ ብቻ አይደለም።

የሚያሳዝነው ደግሞ እውነተኛዋ ጉንዳን ከመስታወቷ ጉንዳን በብዙ እጥፍ የምታስደንቅ መሆኗ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል አንዓም በምድር የሚሄዱትም በክንፋቸው የሚበሩትም እንደኛው ማኅበረሰቦች መሆናቸውን ይነግረናል። እስቲ ከነዚህ ማኅበረሰቦች አንዱን ቀረብ ብለን እንየው።

በሰሃራ በረሃ ካታግሊፊስ ቦምቢሲና የምትባል፣ ሰውነቷ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ጉንዳን አለች። ምግቧ በሙቀት የሞቱ ነፍሳት ናቸው። እሷን የሚበላት እንሽላሊት ከሙቀቱ ሸሽቶ ጉድጓዱ እስኪገባ ድረስ አትወጣም። ስለዚህ የምትወጣው እኩለ ቀን ላይ፣ ሌላው ፍጥረት ሁሉ ጥላ ሲፈልግ ነው። ነገር ግን የሰውነቷ ሙቀት ወደ 53 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ ትሞታለች፤ አሸዋው ደግሞ ከዚያ በላይ ይግላል። ያላት ጊዜ በቀን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ትሮጣለች። በ2019 የወጣ ጥናት በቱኒዚያ ሲለካት በሰከንድ 85 ሴንቲሜትር ገደማ ሄዳለች፤ ይህም የራሷን ቁመት 108 ጊዜ ያህል ነው። እናንተ በሰከንድ የቁመታችሁን 108 እጥፍ ብትሮጡ ከመኪና ትቀድሙ ነበር።

ያ ብርማ ቀለም ለጌጥ አይደለም። በ2015 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ፀጉሮቿን በማይክሮስኮፕ ሲያይ እያንዳንዱ ፀጉር ሦስት ማዕዘን ሆኖ ተገኘ፤ እንደ ትንሽ ፕሪዝም። የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት አብዛኛው ተንጸባርቆ ይመለሳል። እኔን ያስገረመኝ ግን ሁለተኛው ሥራው ነው። ይኸው ፀጉር በውስጧ ያለውን ሙቀት ዐይናችን በማያየው ጨረር መልክ ወደ ሰማይ እንድትለቅ ይረዳታል። አጥኚዎቹ ፀጉሩ የሰውነቷን ሙቀት ከ5 እስከ 10 ዲግሪ እንደሚቀንስላት አገኙ። በሆዷ በኩል፣ ወደ ጋለው አሸዋ በዞረው ጎን፣ ይህ ፀጉር የለም። እዚያ ቢኖር ከአሸዋው የሚወጣውን ሙቀት ይበልጥ ትቀበል ነበር።

ቤቷንስ እንዴት ታገኛለች? በረሃ ላይ ዛፍ የለም፣ ድንጋይ የለም። አቅጣጫዋን ከሰማይ ብርሃን ታነባለች። ርቀቱን ለማወቅ ደግሞ በ2006 የታተመ አንድ ሙከራ ተደርጓል፤ በዚሁ ወገን ባለች ሌላ የቱኒዚያ ጉንዳን ላይ። ጉንዳኖቹ ምግቡ ጋ ከደረሱ በኋላ እግራቸው ላይ ምርኩዝ ተለጠፈላቸው። (ምርኩዙ የአሳማ ፀጉር ነበር፤ ጉንዳኖቹን አትውቀሱ።) ሲመለሱ ቤታቸውን አልፈው ሄደው መፈለግ ጀመሩ። እግራቸው ያጠረባቸው ደግሞ ቤታቸው ሳይደርሱ ቆሙ። እርምጃ ይቆጥሩ ነበር ማለት ነው! ወላሂ፣ ይህን ያነበበ ሰው መስታወት ምን ያደርግለታል?

እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ እውነተኛው ታሪክም ሊጋነን ይችላል። በ2014 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቀጭን ባለ ብዙ ንብርብር ቁስ ጣሪያ ላይ አድርገው፣ ፀሐይ በቀጥታ እየመታው፣ ያለ ኤሌክትሪክ በዙሪያው ካለው አየር 5 ዲግሪ ገደማ እንዲቀዘቅዝ አድርገዋል። ፊዚክሱ ከጉንዳኗ ጋር ተመሳሳይ ነው፤ ብርሃኑን መመለስ፣ ሙቀቱን ወደ ሰማይ መልቀቅ። ነገ አንዱ «ከጉንዳን ኮርጀው ሠሩት» ብሎ ይጽፍላችኋል። አልኮረጁም፤ የነሱ ሥራ የወጣው ከጉንዳኗ ጥናት አንድ ዓመት ቀድሞ ነው።

ይህ በሽታ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2001 የናሚብ በረሃ ጥንዚዛ በጀርባዋ እብጠቶች ከጉም ውሃ ትሰበስባለች የሚል ጥናት ወጣ፤ ዓለም ሁሉ አስተጋባው። በ2010 ሌሎች ተመራማሪዎች አራት ዓይነት የናሚብ ጥንዚዛዎችን ጉም ውስጥ አስገብተው ሲያዩ፣ ጭንቅላቷን ዘቅዝቃ ለጉሙ የቆመችው አንዷ ዓይነት ብቻ ነበረች፤ እሷም ያቺ ባለ እብጠቷ አልነበረችም። ይህ እርማት የመጀመሪያውን ታሪክ ያህል አልተሰማም። ልዩነቱ አንድ ሰው ተነስቶ መፈተኑ ነው። በ1040 ገደማ በካይሮ የሞተው የባስራው ኢብኑል ሀይሰም በብጥሊሞስ ላይ ባነሳቸው ጥርጣሬዎች መጽሐፉ ያስተማረው ይህንኑ ነው። እውነትን የሚፈልግ ሰው የሚያከብራቸውን ጸሐፊዎች ይመርምር፣ ሲመረምርም የራሱን ጭንቅላት አይመን ይላል። እኛ ስሙን በፖስተር ላይ እንለጥፋለን፤ ምክሩን ግን ረስተነዋል።

በጥቅምት 2025 (እንደ ፈረንጆቹ) ዑመር ያጊ በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ ስልካችን በኩራት መልእክት ተጥለቀለቀ። መኩራቱ አይከፋም። ግን ስንቶቻችን ምን እንደሠራ ጠየቅን? በ1965 አማን ውስጥ ከፍልስጤማውያን ስደተኛ ቤተሰብ ተወለደ። ብዙ ልጆች በአንድ ክፍል ያድጉ ነበር፤ ውሃም እንደ ልብ አልነበረም። በፈረቃ ውሃ ሌሊት ተነስታችሁ ጀሪካን የሞላችሁ ይህን ለማሰብ አትቸገሩም። በ10 ዓመቱ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ አንድ መጽሐፍ ሲገልጥ የሞለኪውል ሥዕሎች አየ፤ ምን እንደሆኑ ሳያውቅ ወደዳቸው። በ15 ዓመቱ አባቱ አሜሪካ ላኩት። በኋላ ከሜታል አተሞችና ከካርቦን ሞለኪውሎች እንደ ማር እንጀራ ባዶ ክፍል ያላቸውን ቁሶች ሠራ። ከነዚህ ቁሶች የጥቂት ግራሙ የውስጥ ገጽ ሲዘረጋ የኳስ ሜዳ ያህላል። አንዳንዶቹ ሌሊት ከደረቅ የበረሃ አየር እርጥበት ይይዛሉ፤ ቀን ፀሐይ ስታሞቃቸው ውሃውን ይለቃሉ። በአሪዞና በረሃ ተሞክሯል። ገና ቤታችን የሚገባ ነገር አይደለም፤ ግን ውሃ ማጠጣት በዲናችን ምን ያህል ሰደቃ እንደሆነ ለምታውቁት ለናንተ አቅጣጫው ግልጽ ነው።

ሽልማቱን የተጋራው ከጃፓኑ ሱሱሙ ኪታጋዋና በአውስትራሊያ ከሚሠራው ሪቻርድ ሮብሰን ጋር ነው። ሮብሰን የመጀመሪያውን ሥራ ያሳተመው በ1989 ነው፤ ብዙዎቻችሁ ሳትወለዱ። አላህ ግመልን፣ ሰማይን፣ ተራራን እንድናይ ሲጠይቀን ጥያቄው «እንዴት» የሚል ነው፤ ሱረቱል ጋሺያህን ዛሬ ከፍታችሁ አንብቡ። «እንዴት» ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱን በአንድ ፎርዋርድ አያገኝም። ከናንተ መካከል ላብራቶሪ ውስጥ ያላችሁ፣ ያ አሰልቺ ልኬት ሦስተኛ ጊዜ ሲደገም ኒያችሁን አስተካክሉ፤ ተፈኩር እዚያም አለ።

የመስታወቷን ጉንዳን ከዚህ በፊት ለሰው የላካችሁ ካላችሁ አሁን ስልካችሁን ከማስቀመጣችሁ በፊት የምትሠሩት ሥራ አለ። ሱረቱል በቀራህ ላይ አላህ እውነትን ስለደበቁ ሰዎች ሲናገር፣ ተውባ አድርገው፣ አስተካክለው፣ ለሰውም የገለጹትን ለይቶ ያወጣቸዋል። መሳሳት መደበቅ አይደለም፤ እርማቱ ግን ለሁለቱም ያው ነው። መልእክቱን ወደላካችሁበት ግሩፕ ተመለሱና «ያ የላክሁት ትክክል አልነበረም» በሉ። ከፈለጋችሁ እግሯ ላይ ምርኩዝ የተለጠፈላትን ጉንዳን ታሪክ ከሥሩ ጨምሩበት።

ወላሁ አዕለም።