በኢትዮጵያ ቀን የተሞላ መዝገብ ወደ ስፓርክ ሲገባ

የትልልቅ ዳታ ማቀነባበሪያ የሆነውን ስፓርክን የሚለማመድ ሰው ብዙውን ጊዜ የኒውዮርክን የታክሲ ጉዞ መዝገብ ያወርዳል። ጥሩ ዳታ ነው፤ ግን የአገር ቤት መጋዘን ወይም የጤና ጣቢያ መዝገብ እጃችሁ ሲገባ የሚጠብቃችሁን አያስተምርም። ቀኑ የተሞላው በእኛ አቆጣጠር ነውና።

ፋይሉ በሲኤስቪ ይቀመጥና ኤችዲኤፍኤስ የተባለው የፋይል ማከማቻ ላይ ይጫናል፤ የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነው። ስፓርክ ሲያነበው ግን የዓምዶቹን ዓይነት ራሱ እንዲገምት አትፍቀዱለት። ሁሉንም እንደ ጽሑፍ አንብቡ፣ ቀኑንም ጭምር።

አሁን ወደ አስቸጋሪው። 2016-13-05 ለእኛ ጳጉሜን 5 ነው፤ ስፓርክ ግን 13ኛ ወር አያውቅም። ወደ ቀን ቀይር ሲባል ስፓርክ 3 በነባሪ ቅንብሩ ድምፁን አጥፍቶ ባዶ ያደርገዋል፣ ስፓርክ 4 ደግሞ ስህተት ብሎ ሥራውን ያቆማል። እነዚህ አያስፈሩም፤ ይታያሉ። የሚያስፈራው በሰላም ያለፈው ነው። 2016-01-05፣ ማለትም መስከረም 5፣ እንደ ጃንዋሪ 5፣ 2016 ይነበባል። ትክክለኛው ሴፕቴምበር 16፣ 2023 ነው፤ ሪፖርታችሁ ግን አምሮ ይወጣል፣ ማንም አይጠረጥርም።

ስለዚህ ባዶ የሆኑትን ረድፎች አትሰርዟቸው፤ ምስክሮቻችሁ ናቸው። ጳጉሜን ላይና ስፓርክ ፌብሩዋሪ 30 አድርጎ በሚያየው ጥቅምት 30 ላይ ከተከማቹ (ዓመቱ ለ4 እኩል ካልተካፈለ ጥቅምት 29 ላይም) ዓምዱ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሞላ መሆኑን ጠርጥሩ። ሁለቱን አቆጣጠር ያደባለቀ ጸሐፊም አይጠፋም። የ2015 እና የ2016 መዝገብ ውስጥ 2023 የሚል ዓመት ካያችሁ፣ ወይም 31 የሚል ዕለት ካገኛችሁ፣ ያ ረድፍ በፈረንጆች ነውና ለብቻው ይውጣ።

ለመቀየር ቀኑን ዓመት፣ ወር፣ ዕለት ብላችሁ በሦስት ዓምድ ክፈሉት። መነሻችን መስከረም 1 ቀን 2000 ነው፤ በፈረንጆች ሴፕቴምበር 12፣ 2007። ከዓመቱ 2000 ቀንሱና በ365 አባዙ። ዓመቱን ለ4 አካፍሉ፣ ቀሪውን ጣሉ፣ ከውጤቱ 500 ቀንሱና ደምሩበት። ከወሩ 1 ቀንሳችሁ በ30 አባዙና ደምሩ፤ ከዕለቱም 1 ቀንሳችሁ ደምሩ። ያገኛችሁት ቁጥር መነሻው ላይ የሚታከል የቀን ብዛት ነው። አደራ፣ ለ4 የሚካፈለው ሙሉው ዓመት ነው፤ 2000 ከተቀነሰለት በኋላ ካካፈላችሁት በ1985 የተወለደ ሰው ልደቱ በአንድ ቀን ይዛነፍባችኋል። መፈተኛ ከፈለጋችሁ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11፣ 2023 መስጠት አለበት።

ይህን ስሌት በፓይተን ተግባር ጽፎ በየረድፉ መጥራት ይቻላል፤ እኔ አልወደውም። እያንዳንዱ ረድፍ ከስፓርክ ወደ ፓይተን ሄዶ መመለስ አለበት፣ ዳታው ሲበዛ ይጎተታል። በስፓርክ በራሱ የዓምድ ተግባራት ጻፉት፤ መደመር፣ ማባዛትና ቀን መጨመር ብቻ ነው። የመጀመሪያውን የጽሑፍ ቀን አትጣሉት፤ ከአዲሱ ጎን ይቀመጥ።

ቀሪው ቀላል ነው፦ ቀኑ ከመቀየሩ በፊትና በኋላ ያለው የረድፍ ብዛት ይመሳከር፣ ከዚያ ዳታው ፓርኬ በሚባለው የፋይል ዓይነት በዓመት ተከፋፍሎ ይጻፍ። ከመጻፋችሁ በፊት ግን ረድፎቹን በዓመት አሰባስቧቸው፤ አለበለዚያ ስፓርክ ሥራውን የሚከፋፍልበት እያንዳንዱ ንዑስ ሥራ በየዓመቱ አቃፊ የራሱን ትንሽ ፋይል ይጥላል። የአንድ ዓመት ዳታ ብቻ ለማደስ በላዩ ላይ ጻፍ የሚለውን ስትመርጡ ደግሞ የክፍፍሉ አተካክ ተለዋዋጭ መደረጉን አረጋግጡ። በነባሪው ከተዋችሁት የቀሩትን ዓመታት በሙሉ ያጠፋቸዋል።