ያለ ዕጣ የተደረገ የእርሻ ሙከራ እንዴት ይመረመራል?

ማዳበሪያ ወይም ምርጥ ዘር የሚያስመጣ ነጋዴ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ዕቃው ምን ያህል ምርት እንደሚጨምር ማወቅ ይፈልጋል። መልሱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዕቃው የተጠቀሙትን ገበሬዎች ካልተጠቀሙት ጋር በማነጻጸር ነው። ነገር ግን ተጠቃሚው በዕጣ ካልተለየ ንጽጽሩ ሊያሳስት ይችላል፤ ማዳበሪያ የመግዛት ዐቅም ያለው ገበሬ አስቀድሞም ጥማድ በሬና ለም መሬት ያለው ሊሆን ይችላልና።

ለማስረዳት ያህል፥ በደብረ ኤልያስ ስንዴ የሚዘሩ ሁለት ወገን ገበሬዎች አሉ ይባል። ማዳበሪያ የጨመሩት በሔክታር 30 ኩንታል፥ ያልጨመሩት 20 ኩንታል ቢያገኙ፥ ልዩነቱ 10 ኩንታል ነው። ሆኖም ባለፈው ዓመት ማዳበሪያ ሳይኖር የፊተኞቹ 24፥ የኋለኞቹ 18 ኩንታል አግኝተው ከነበረ፥ የፊተኞቹ ጭማሪ 6፥ በዝናሙ ማማር ብቻ የተገኘው የኋለኞቹ ጭማሪ 2 ኩንታል ይሆናል። ስለዚህ ለማዳበሪያው የሚቈጠርለት 4 ኩንታል እንጂ 10 አይደለም። ይህም ስሌት የሚጸናው ያለ ማዳበሪያ የሁለቱ ወገኖች ምርት እኩል ይጨምር የነበረ እንደ ሆነ ነው፤ ይህንንም ለመመርመር የብዙ ዓመታት መዝገብ ያስፈልጋል።

ከዚህም በላይ የመሬቱ ዐይነት መታየት አለበት። ቀይ አፈር ከቀይ አፈር፥ በቢቸና በኩል የሚገኘው ዋልካም ከዋልካ ጋር ይነጻጸራል እንጂ ሁለቱ ተደባልቀው አይመዘኑም።

ይህ ችግር የቈየ ነው። በእንግሊዝ አገር የማዳበሪያ ነጋዴ የነበረው ጆን ሎውስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1843 ዓ.ም. በሮትሃምስቴድ የጀመረው የስንዴ ሙከራ በዕጣ የተደለደለ አልነበረም። ሮናልድ ፊሸር በ1919 ዓ.ም. ወደዚያ ከሄደ በኋላ የተከማቸውን መዝገብ መርምሮ፥ ከዓመት ወደ ዓመት የሚታየውን መለዋወጥ በዝግታ ከሚመጣው ለውጥ ለይቶ በ1921 ዓ.ም. አሳተመ። በ1935 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፉም ማሳዎች በዕጣ እንዲደለደሉ የሚያስፈልግበትን ምክንያት አብራራ።

እንግዲህ የሙከራ ውጤት የቀረበለት ነጋዴ ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ፤ ይኸውም ተጠቃሚዎቹን የመረጠ ማን ነው? ምርታቸው ቀድሞ ስንት ነበር? አፈራቸውና ዝናማቸውስ አንድ ዐይነት ነውን? ይህን ሳይጠይቅ ያስመጣው ዕቃ በመጋዘን ሊቀርበት፥ በዱቤ የወሰደውም ገበሬ በዕዳ ሊያዝ ይችላል።