«በ4 ሰዓት ይዘጋል»፦ ከአንድ የጃፓን ጉብኝት ዕቅድ የተማርኩት

የዜና አጻጻፍ ትምህርት ስንጀምር መጀመሪያ የምንሸመድደው ስድስቱን ጥያቄዎች ነው፤ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት። እውነቱን ለመናገር ከስድስቱ «መቼ» የሚለውን ንቄው ነበር። ቀንና ሰዓት መጻፍ ምን ይከብዳል? መክበዱን ያስተማረኝ ግን መምህር ሳይሆን ቶኪዮ ውስጥ የተዘጋ በር ፊት የቆመችው ታላቅ እህቴ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ አምና ኅዳር መጨረሻ ላይ ከምትሠራበት መሥሪያ ቤት ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ወደ ቶኪዮ ተላከች። የራሷ የሚሆኑት ቀናት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ የመጨረሻው እሑድና ማታ የምትሳፈርበት ሰኞ። «ጋዜጠኛ ልሆን ነው ትል የለ? እስቲ የት የት እንደምሄድ አጥናና ጽፈህ ስጠኝ» አለችኝ። አባታችን ደግሞ አደራ ጨመረ። የአበበ ቢቂላ የቶኪዮ ድል ሲወራ እየሰማ ያደገ ሰው ነው። «አበበ ያደረበትንና የሮጠበትን ቦታ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ሌላ ዕቃ አልፈልግም» አላት።

ሦስት ምሽት ኢንተርኔት ላይ አፍጥጬ አንድ ገጽ ዕቅድ ሠራሁ። በዕቅዱ ላይ ትልቁን ቦታ የሰጠሁት ለሜይጂ ጂንጉ ነበር። ሜይጂ ጂንጉ ለዐፄ ሜይጂና ለእቴጌ ሾከን መታሰቢያ እ.ኤ.አ. በ1920 የተመረቀ የሺንቶ ቤተ መቅደስ ነው። ዙሪያው 70 ሄክታር ያህል ጫካ ሲሆን፣ ከመላ ጃፓን በስጦታ በመጡ 100,000 ገደማ ዛፎች በሰው እጅ የተተከለ ነው። ለኛም ባዕድ አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገው በእኚሁ ንጉሥ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1889 የታወጀውን ሕገ መንግሥት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘ መጽሐፍ አሳትመዋል።

ከቤተ መቅደሱ አጠገብ ዮዮጊ መናፈሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 የኦሊምፒክ መንደሩ የነበረው እዚያ ነው፤ መናፈሻ ሆኖ የተከፈተው በ1967 ነው። እንግዲህ የአባቴ አደራ ግማሹ እዚያ ነበር ማለት ነው።

ስህተቱ የት ላይ ነበር?

እሑድ ጠዋት እህቴ አሳኩሳ የሚገኘውን የሴንሶጂን የቡድሃ ቤተ መቅደስ ጎበኘች። ሜይጂ ጂንጉን ለማታ አቆየችው። ምክንያቱም እኔ በወረቀቱ ላይ «በ4 ሰዓት ይዘጋል» ብዬ ጽፌያለሁ። ሐበሻ አማርኛ እያነበበ «በ4 ሰዓት ይዘጋል» ከተባለ የሚገባው የማታ 4 ነው። እኔ ግን የገለበጥኩት የእነሱን 4 ሰዓት፣ ማለትም የኛን ከቀኑ 10 ሰዓት ነበር። ሜይጂ ጂንጉ በየወሩ በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው የፀሐይን መውጫና መግቢያ ተከትሎ ነው፤ በፈረንጆቹ ዲሴምበር ቶሎ ይመሻል።

እኛ ቤት የእሑድ ቡና እየተቆላ ስልክ ተደወለ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ቦታ ተዘግቷል እኮ! ጨልሟል፣ ዘበኛው ተመለሺ እያለኝ ነው!» አባቴ ከጎኔ ተቀምጦ ይሰማል። ምንም አላለም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዕቅዱን እንደገና ስንሠራው

የቀረው ሰኞ ብቻ ነው። ቀድሜ ለሰኞ የመደብኩት ኡኤኖ መናፈሻን ነበር፤ የቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየምንና እ.ኤ.አ. በ1882 የተከፈተውን የጃፓን የመጀመሪያ መካነ አራዊት። ይህን ጊዜ ግን ደንግጬ ስለነበር የእያንዳንዱን ቦታ የራሱን መረጃ አንድ በአንድ አየሁ። ሁለቱም ሰኞ ዝግ ናቸው! ሺንጁኩ ግዮኤን የተባለው ትልቅ የአትክልት ስፍራም፣ ከቼሪ አበባና ከክሪዛንቲመም ወቅት በስተቀር፣ ሰኞ አይከፈትም። ማታ የተዘጋው በር ባያነቃኝ ኖሮ ሰኞንም አበላሽቼባት ነበር።

ስለዚህ ገልብጠን ሠራነው። ማለዳ ከሃራጁኩ ጣቢያ በእግር ወደ ሜይጂ ጂንጉ፤ በሩ በእነሱ 6:40፣ በኛ ከጠዋቱ 12:40 ይከፈታል፤ መግቢያ አይከፈልም። ቀጥሎ አጠገቡ ያለው ዮዮጊ መናፈሻ። ከዚያ በባቡር አንድ ፌርማታ ወደ ዮዮጊ ጣቢያ፣ መስመር ቀይሮ ሌላ አንድ ፌርማታ ወደ ሴንዳጋያ፣ ከዚያም ብሔራዊ ስታዲየም። ሰዓቱን ሁሉ በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፍኩት።

እህቴ «እዚያ ገብቼ መጸለይ ግዴታ ነው እንዴ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። አይደለም። ጎብኚ በአክብሮት አይቶ ይወጣል። ቶሪ የሚባለውን በር ሲያልፉ ጎንበስ ማለት፣ የመንገዱን መሀል ትቶ ዳር ዳሩን መሄድ፣ ፎቶ ክልክል በሆነበት ካሜራ አለማንሳት ይበቃል። እኛም ቤተ ክርስቲያን የሚመጣ እንግዳ ጫማውን እንዲያወልቅ እንጂ እንዲሳለም አናስገድድም።

ለሚያቅድ ሰው

ከዚያ በኋላ ነገሩ እልህ ሆኖብኝ ሌሎቹንም የጃፓን ከተሞች አጠናሁ። ጃፓን ለሚሄድም፣ ስለ ጉዞ ለሚጽፍም ይጠቅማል ያልኩትን እነሆ፦

አንደኛ፣ የማይዘጋውን ለማለዳ ስጡት። ኪዮቶ ያለው ፉሺሚ ኢናሪ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ቀያይ በሮች የተደረደሩበት ተራራ፣ ሌሊትም ቀንም ክፍት ነው፤ መግቢያም በነጻ ነው። ኪንካኩጂ፣ ማለትም ወርቃማው ቤተ መቅደስ፣ ግን የሚከፈተው በእነሱ 9 ሰዓት (በኛ 3 ሰዓት) ነው። ጎህ ሲቀድ ፉሺሚን የጀመረ ሰው ሕዝቡ ሳይሞላ ተራራውን ወጥቶ ይወርዳል።

ሁለተኛ፣ ሰዓት የሚቆጥረው ሰው ብቻ አይደለም። ሂሮሺማ አጠገብ ሚያጂማ ደሴት ላይ ያለው የኢትሱኩሺማ ቤተ መቅደስ ትልቁ በር ባሕሩ ሲሞላ የሚንሳፈፍ ይመስላል፣ ሲጎድል ደግሞ እግሩ ሥር ድረስ በእግር ይኬዳል። የማዕበሉን ሰንጠረዥ ሳያይ የሄደ አንዱን ብቻ አይቶ ይመለሳል።

ሦስተኛ፣ ወቅቱን ዕወቁ። በቶኪዮና በኪዮቶ የቼሪ አበባ ብዙውን ጊዜ የሚፈካው በማርች መጨረሻና በኤፕሪል መጀመሪያ ነው። ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ መጀመሪያ ያሉት ተከታታይ በዓላትና የአዲስ ዓመት ቀናት ግን ጃፓኖቹ ራሳቸው የሚንቀሳቀሱባቸው ናቸው፤ ባቡሩም ሆቴሉም ይጨናነቃል።

አራተኛ፣ ቲኬቱን አስቀድሙ። ቶኪዮ ዳር ሚታካ ያለው የጂብሊ ሙዚየም በዕለቱ በር ላይ ቲኬት አይሸጥም፤ ቀድሞ ያልገዛ አይገባም። ለባዕድ ጎብኚ የሚሸጠው የ7 ቀን የባቡር ፓስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ከ29,650 ወደ 50,000 የን ጨምሯል። ከቶኪዮ ኪዮቶ ደርሶ ለሚመለስ ብቻ አያዋጣም። የድሮ ጽሑፍ ያነበበ ሰው ግን ያዋጣል ብሎ ይገዛዋል።

አምስተኛ፣ የሚቀራረበውን በአንድ ቀን አድርጉ። ከኪዮቶ ናራ በባቡር ከአንድ ሰዓት በታች ነው፤ ናራ ላይ ደግሞ ከአንድ ሺህ በላይ አጋዘኖች የሚዘዋወሩበት መናፈሻ፣ የቶዳይጂ ግዙፍ ቡድሃና የካሱጋ ቤተ መቅደስ በእግር የሚያያዙ ናቸው።

ሰኞ

እሑድ ሌሊት አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ሳሎን ተቀምጦ ነበር። ስልኬ ጮኸ። እህቴ የሜይጂ ጂንጉ በር ላይ ቆማ ፎቶ ልካለች። አባቴ «አሁን እዚያ ስንት ሰዓት ነው?» አለ። ስልኬን አየሁ፤ ቶኪዮ 6:40። ቀና ብዬ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፤ እሱም 6:40 ይላል፣ ከሌሊቱ። ጃፓን ከኛ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች፤ የኛ አቆጣጠርም ከፈረንጆቹ በስድስት ሰዓት ይለያል። ስለዚህ የሳሎናችን ሰዓትና የቶኪዮ ሰዓት ሁሌም ቁጥራቸው አንድ ነው። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ትርጉሙ የተለያየ! ያሳሳተኝም ይኸው ነበር።

ወደ 9 ሰዓት ላይ የስታዲየሙ ፎቶ መጣ። እዚህ ላይ ለአባቴ አንድ እውነት መንገር ነበረብኝ። አበበ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ያሸነፈበት ስታዲየም እ.ኤ.አ. በ2015 ፈርሷል፤ ፎቶው ላይ ያለው በ2019 የተጠናቀቀው አዲሱ ነው። በ2021 ሰለሞን ባረጋ የ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘውም እዚሁ ነው።

አባቴ ፎቶውን አቅርቦ አየና «በዚያው ቦታ ላይ ነው የሠሩት?» አለኝ።

«አዎ፣ በዚያው ቦታ።»

«እንግዲያውስ መሬቱ ያው ነው» ብሎ ሊተኛ ሄደ።

እኔ ከዚያ ወዲህ ሰዓት ስጽፍ «በማን አቆጣጠር?» ብዬ ሳልጠይቅ አልፌ አላውቅም። እናንተም ስትጽፉ አንባቢያችሁን በር ላይ ቆሞ አስቡት። ቸር ይግጠመን!