የሰፈራችን ሜዳ ለምን አፉን ይከፍታል?

ወረታ ላደገ ልጅ የሰፈሩ ሜዳ ኳስ የሚጠለዝበት፣ ጥጃ የሚታሰርበት ቦታ ነው። በሚያዝያ ግን ኳሱን ትታችሁ ቀጭን ዱላ ይዛችሁ ውጡ። መሬቱ ተሰነጣጥቆ ታገኙታላችሁ። ዱላውን ወደ ስንጥቁ ስደዱት፤ ክንድ ያህል ሊውጠው ይችላል። ዛሬ የምንማረው ከዚህ ስንጥቅ ነው።

ለምን ይሰነጠቃል?

ወረታ ያለችበት የፎገራ ሜዳ አፈር በአብዛኛው ዋልካ የሚባለው ጥቁር ሸክላማ አፈር ነው። በውስጡ ያለው ሸክላ በዓይን ከማይታዩ ስስ ንጣፎች የተሠራ ነው። ሲዘንብ ውሃው በንጣፎቹ መካከል ይገባና አፈሩ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል።

አፈሩ ከየት መጣ?

የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ተራራ በኩል ይወርዳሉ። ጉና የጥንት እሳተ ገሞራ ነው፤ ጥቁር ድንጋዩ በዘመናት ብዛት ሲበሰብስ ሸክላ ይሆናል። ወንዞቹ ጣና ሐይቅ ዳር ሲደርሱ መሬቱ ሜዳ ነውና ጉልበታቸው ይደክማል፤ የተሸከሙትን ደለልም እዚህ ያራግፋሉ።

ራሱን የሚገለብጥ አፈር

በበጋ ነፋስና የከብት ኮቴ የላዩን አፈር ወደ ስንጥቁ ይጨምሩታል። ክረምት ሲገባ የታችኛው ያብጥና ቦታ ሲያጣ ወደ ላይ ይገፋል። ሳይንቲስቶች ይህን አፈር ቨርቲሶል ይሉታል፤ ስሙ መገልበጥ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። ጉድጓድ ሲቆፈር ግድግዳውን ቀረብ ብላችሁ እዩ፤ በእጅ የተወለወለ የሚመስል አንጸባራቂ ገጽ ልታገኙ ትችላላችሁ። አፈር ከአፈር ሲፋተግ ያለሰለሰው ነው።

ጉዳቱና በረከቱ

ይህ እንቅስቃሴ አጥር ያጋድላል፣ ግድግዳ ይሰነጥቃል። ግንበኞች ጥቁሩን አፈር ጠርገው ሰሌክት የሚባለውን የማያብጥ አፈር የሚሞሉት ለዚህ ነው። ያው ሸክላ ግን ሲያብጥ ስንጥቁን ይደፍንና ውሃ ያቁራል። በቆሎ የሚታፈንበት ውሃ ለሩዝ ይስማማዋል። በደርግ ዘመን የገባው ሩዝ ዛሬ የፎገራ መታወቂያ ሆኗል፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ወረታ ላይ ነው። ከሩዙ ሥር የሚዘራው ጓያ ደግሞ አፈሩ ያስቀረውን እርጥበት እየጠጣ ያድጋል።

ሞክሩት

ደረቅ ዋልካ አድቅቃችሁ ብርጭቆ እስከ ግማሽ ሙሉ፤ ቁመቱን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት። በሌላ ብርጭቆ የወንዝ አሸዋ በዚያው ልክ አድርጉ። በሁለቱም ውሃ ጨምራችሁ አሳድሯቸው። ጠዋት የትኛው ከምልክቱ አለፈ? መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ፤ የቤታችሁ አጥር ቋሚ ወዴት እንዳጋደለም አብራችሁ መዝግቡ።