የተጠቃሚዎችንና የኮምፒዩተሮችን ቡድን በብዙ ሰርቨሮች ላይ ስለ ማስተዳደር

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

ሰርቨር ማለት ለሌሎች ኮምፒዩተሮች አገልግሎት የሚሰጥ ኮምፒዩተር ነው። በትምህርት ቤታችን ሦስት ሰርቨሮች ይገኛሉ። አንደኛው ወደ ኮምፒዩተር ክፍሉ ስንገባ ስማችንንና የይለፍ ቃላችንን ይቀበላል፤ ሁለተኛው የቤተ መጻሕፍቱን ዝርዝር ይይዛል፤ በሦስተኛው ላይ ደግሞ የሁላችንም የሥራ ዶሴ ይቀመጣል። በእነዚህ ላይ ማን ይግባ፣ ማን አይግባ የሚለው ጉዳይ ቀላል ይመስል ነበር። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በሠራሁት ስሕተት አንድ ልጅ ያለ ጥፋቱ ስለ ተወቀሰ፣ ከዚያ የተማርሁትን ለመግለጽ እሞክራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮምፒዩተር መምህራችንን ከሚረዱት ተማሪዎች አንዱ በመሆኔ፣ ትምህርታቸውን የጨረሱትን ተማሪዎች ሥራ ለብቻው አስቀምጬ ስማቸውን ከሦስቱም ሰርቨሮች እንድሰርዝ ታዘዝሁ። በሁለቱ ላይ ፈጸምሁ፤ ሦስተኛውን ልጀምር ስል መብራት ጠፋ፤ በማግሥቱም ረሳሁት። ከዚህ በኋላ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ተመዘገበና 1027 የሚል ቁጥር ተሰጠው። ይህ ቁጥር ከሄዱት ተማሪዎች የአንዱ ነበር። ልጁም የማያውቀውን ዶሴ በእጁ ስላገኘ ጥቅም የሌለው መስሎት አጠፋው። ባለቤቱ ጽሑፉን ሊወስድ ሲመጣ ባዶ ሆኖ አገኘው፤ ልጁም «የሰው ሥራ ሰብሮ ገባ» ተባለ።

ልጁ ግን ምንም አልሰበረም። ምክንያቱም እንደ ዩኒክስና ሊኑክስ ያሉት ሥርዓቶች የፋይልን ባለቤት የሚያውቁት በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። ዶሴዎችን ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚያካፍለው ኤንኤፍኤስ የተባለው ዘዴም፣ በተለመደው አሠራሩ፣ ከሌላው ኮምፒዩተር የመጣለትን ቁጥር አምኖ ይቀበላል። ስለዚህ አንዱ ሰርቨር 1027ን ለአዲሱ ልጅ ሲሰጥ፣ ሌላው ለቀድሞው ተማሪ ይዞት ከቆየ፣ ሁለቱ ሰዎች እንደ አንድ ሰው ይቈጠራሉ ማለት ነው።

የዚህ መድኃኒቱ ስሙንና ቁጥሩን በየሰርቨሩ መጻፍን ትቶ፣ ሁሉም በሚጠይቁት በአንድ መዝገብ ላይ መጻፍ ነው። ሦስት በር ያለው ግቢ ሦስት ዘበኞች ቢኖሩትና እያንዳንዱ የራሱን የስም ዝርዝር ቢይዝ፣ ዝርዝሮቹ ውለው አድረው መለያየታቸው አይቀርም። ሳን ማይክሮሲስተምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት ኤንአይኤስ የሚባል መዝገብ አወጣ። የመጀመሪያ ስሙ «የሎ ፔጅስ» ሲሆን፣ ይህ ስም በእንግሊዝ አገር የብሪቲሽ ቴሌኮም የንግድ ምልክት ስለ ነበረ ተለወጠ። ሆኖም መዝገቡ በኔትወርኩ ላይ የሚያስተላልፈውን ነገር ስለማይሰውር ለሌባ የተጋለጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ከሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የወጣው ኤልዳፕ ግን በምስጢር ጽሕፈት ተጠብቆ ሊሠራ ስለሚችል፣ ዛሬ በብዙ ቦታ ተተክቶበታል።

ከዚህ ቀጥሎ የቡድን ነገር ይመጣል። ፈቃድን ለአልማዝና ለታደሰ በየስማቸው ከመስጠት ይልቅ «12ኛ ክፍል» ለተባለው ቡድን መስጠት ይሻላል፤ ሰው ሲሄድ ስሙን ከቡድኑ ማውጣት ብቻ ይበቃልና። ኔትግሩፕ የሚባለው የቡድን ዓይነት ሰዎችንም ኮምፒዩተሮችንም ሊይዝ ይችላል። እያንዳንዱ አባል ሦስት ቦታ አለው፤ እነርሱም ኮምፒዩተር፣ ተጠቃሚና ዶሜን ናቸው። ለምሳሌ፦

12ኛ ክፍል፦ (-፣ አልማዝ፣ ) (-፣ ታደሰ፣ )
የላብራቶሪ ኮምፒዩተሮች፦ (ላብ1፣ -፣ ) (ላብ2፣ -፣ )

አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ ልብ በል። የሰረዝ ምልክት «ማንም የለም» ማለት ነው፤ ባዶ ቦታ ግን «ማንኛውም» ማለት ነው። በአልማዝ ፊት ያለው ሰረዝ ቢረሳና የሰዎቹ ቡድን በስሕተት ለኮምፒዩተሮች ፈቃድ ቢውል፣ በሩ ለማናቸውም ኮምፒዩተር ሊከፈት ይችላል። ብዙ ሰው ያልጻፈው ነገር እንደሌለ ይቈጠራል ብሎ ያስባል፤ በዚህ መዝገብ ግን ዝምታ እንደ ፈቃድ ነው።

ሌሎች ሁለት ነገሮችም መታወቅ አለባቸው። 1ኛ፤ መዝገቡ ያለበት ሰርቨር አንድ ብቻ ከሆነ እርሱ የታመመ ቀን ማንም አይገባም። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንደ ተባለ፣ ግልባጩ በሌላ ሰርቨር ላይ መቀመጥ ይገባዋል፤ እርማት ግን የሚጻፈው በዋናው ላይ ሲሆን፣ ግልባጩ ከእርሱ ይቀበላል። 2ኛ፤ ስም ከመዝገብ በተሰረዘበት ደቂቃ ሰውየው ወጣ ማለት አይደለም። በሊኑክስ ላይ መዝገቡን የሚጠይቀው ኤስኤስኤስዲ የተባለው ፕሮግራም፣ ካልተለወጠ በቀር፣ ያገኘውን መልስ ለ5400 ሰከንድ፣ ማለትም ለአንድ ሰዓት ተኩል ያስታውሳል። አስቀድሞ የገባ ሰውም እስኪወጣ ድረስ የቀድሞ ቡድኑን ይዞ ይቈያል። ስለዚህ የሰረዘ ሰው ተመልሶ መመርመር አለበት።

ከመምህራችን ጋር የሦስቱን ሰርቨሮች ዝርዝር አስተያይተን ወደ አንድ መዝገብ ለማዛወር አራት ቅዳሜ ፈጀብን። የሄደ ተማሪ ቁጥርም ዳግመኛ ለሌላ እንዳይሰጥ ወሰንን። የጠፋው ጽሑፍ ግን አልተገኘም። እኔም በልጁ ክፍል ፊት ቆሜ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርሁ፤ ልጁም ይቅር አለኝ። በዚህ ዓመት ኮምፒዩተር ክፍሉን ከሚረዱት አንዱ እርሱ ነው። በሰኔ የእኔን ስም ከመዝገቡ የሚሰርዘውም እርሱ ስለሆነ፣ ከሰረዘ በኋላ በሦስቱም ሰርቨሮች ላይ ገብቶ እንዲመረምር ከአሁኑ አደራ ብዬዋለሁ።