ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት ካርቡራቶር ቤንዚን ሲንጠባጠብ ምክንያቱን ለይቶ ስለ ማወቅ

በየወረዳው ለእርሻ ምክርና ለከብት ክትባት ከሚያገለግሉት ሞተር ብስክሌቶች መካከል፥ እንደ ያማሃ ዲቲና እንደ ያማሃ ኤጂ ያሉት፥ ዕድሜያቸው የገፋ ብዙዎች ናቸው። እነዚህም ቤንዚንን ከአየር ጋራ የሚቀላቅሉት በካርቡራቶር ስለ ሆነ፥ አንድ ቀን ከሥራቸው ቤንዚን ሲንጠባጠብ መታየቱ የማይቀር ነው። ይህ በሆነ ጊዜ የሚጻፈው የጥገና መጠየቂያ ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ «ካርቡራቶሩ ስለሚያፈስ ይለወጥልን» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የለበትም። መካኒኩም ደብዳቤውን እንጂ መኪናውን ሳያይ ሙሉ ካርቡራቶር ያዝዛል፤ ዕቃው እስኪመጣ ድረስ ሞተር ብስክሌቱ ቆሞ ይከርማል፥ የክትባቱም ወራት ያልፋል። የዚህ ሁሉ መነሻ ግን ከምስር ፍሬ የማትበልጥ የመርፌ ጫፍ፥ ወይም በመቀመጫዋ ላይ ያረፈች አንዲት ቅንጣት አሸዋ ትሆናለች። ቤንዚኑ የሚወጣበትን ስፍራ የለየ ሰው ምክንያቱን ለማግኘት ተቃርቧልና፥ ምርመራው እንዴት እንደሚደረግ ከዚህ በታች እንገልጻለን።

ከሁሉ አስቀድሞ እሳትን ማራቅ ያስፈልጋል። የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ይልቅ ከባድ ስለ ሆነ ወደ ላይ አይበተንም፤ በምድር ላይ እየተሳበ ሄዶ ከሩቅ ያለ ምድጃ ያገኛል። ስለዚህ ሞተር ብስክሌቱን ከወጥ ቤት አርቆ በሜዳ ላይ ማቆም፥ ሞተሩ እስኪበርድ መታገሥ፥ በጨለማም ቢሆን በባትሪ እንጂ በሻማ ወይም በክብሪት አለማየት ይገባል። አፈርም በአጠገብ ይዘጋጅ፤ በተቀጣጠለ ቤንዚን ላይ ውኃ ማፍሰስ እሳቱን ያሰፋዋል እንጂ አያጠፋውም።

የካርቡራቶሩ አሠራር ለማስተዋል ቀላል ነው። ቤንዚኑ ከላይ ካለው ማጠራቀሚያ በገዛ ክብደቱ በጎማ ቱቦ ይወርድና ከካርቡራቶሩ ሥር ወዳለችው ትንሽ ጽዋ ይገባል። በጽዋዋ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ፤ ቤንዚኑ በሞላ ቁጥር ተንሳፋፊው ወደ ላይ ይነሣና አንዲት መርፌ ወደ መቀመጫዋ ገፍቶ መግቢያውን ይዘጋል። ሞተሩ ቤንዚኑን ሲጠጣ ተንሳፋፊው ይወርዳል፥ መርፌዋም ትከፍታለች። መርፌዋ ሳትዘጋ የቀረች እንደ ሆነ ትርፉ ወደ ሞተሩ እንዳይገባ፥ በብዙዎቹ ካርቡራቶሮች ጽዋ ውስጥ ቀጥ ብላ የቆመች ቀጭን የናስ ቱቦ አለች፤ ከልኩ ያለፈው ቤንዚን በእርስዋ በኩል ወደ ምድር ይፈስሳል።

ለመመርመርም ካርቡራቶሩን በውጭ በኩል አጽድቶ በጨርቅ ማድረቅ፥ ጠመኔ ደቁሶ በመጋጠሚያዎቹ ላይ መነስነስ፥ ሞተር ብስክሌቱንም በደልዳላ ስፍራ ቀጥ አድርጎ አቁሞ የቤንዚኑን መዝጊያ መክፈት ነው። ጠመኔው አስቀድሞ የረጠበበት ስፍራ ምንጩ ነው። ቤንዚን ወደ ታች እየተሳበ ስለሚሄድ፥ ጠብታው የሚንጠለጠልበትን ዝቅተኛ ቦታ ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል። ሞተር ብስክሌቱ በጎን ድጋፉ ወይም በዳገት ላይ ተጋድሞ ቆሞ ሳለ ጥቂት ቢያንጠባጥብና ቀጥ ሲል ቢያቆም ግን ብልሽት ላይሆን ይችላል፤ በጽዋዋ ያለው ቤንዚን ወደ አንድ ወገን ስላዘነበለ ነው።

ከመግቢያው ቱቦ የሚወጣ እንደ ሆነ ጎማው ደርቆ ተሰንጥቋልና እርሱን ብቻ መለወጥ ይበቃል። ከጽዋዋ መጋጠሚያ ዙሪያ የሚረጥብ ከሆነ ደግሞ በመካከል ያለው ጓርኒሲዮን አርጅቷል። ብዙ ሰዎች በዚህ ጊዜ ብሎኖቹን በጉልበት ያጠብቃሉ፤ የካርቡራቶሩ ብረት ለስላሳ ስለ ሆነ ግን ጥርሱ ይበላና ትንሹ ጉዳት ትልቅ ይሆናል። ሳሙናም ሆነ ቤንዚን የሚያሟሟው ማጣበቂያ አይጠቅምም፤ ሟሙቶ የገባው ፍርፋሪ ቀጫጭኖቹን ቀዳዳዎች ይደፍናል።

አብዛኛው ችግር ግን በትርፍ ማፍሰሻዋ ቱቦ በኩል የሚታየው ነው። በመጀመሪያ ጽዋዋን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ ይገባል፤ መንጠባጠቡ ቢያቆም መርፌዋን የያዛት ቆሻሻ እንደ ነበረ ይታወቃል። ቤንዚን በጀሪካን እየተጓጓዘ ያለ ማጣሪያ በሚቀዳበት አገር ይህ የዘወትር ነገር ነው። ባያቆም ካርቡራቶሩን ፈትቶ መርፌዋን በብርሃን ማየት ያስፈልጋል፤ በሾጣጣው ጫፍዋ ዙሪያ እንደ ቀለበት ያለ ጎድጓዳ መስመር ቢታይ ወይም ጥፍርን ቢይዝ አልቃለች። አሳማኙ ፈተና ግን ይህ ነው፤ ካርቡራቶሩን ገልብጦ ተንሳፋፊው በክብደቱ መርፌዋን እንዲጫናት ማድረግ፥ ከዚያም በመግቢያው በንጹሕ ቱቦ በአፍ ቀስ ብሎ መንፋት። ትንፋሽ ካለፈ መርፌዋ ወይም መቀመጫዋ አይዘጋም ማለት ነው። መርፌዋ አዲስ ሆና ሳለም ቢያልፍ፥ መቀመጫው ተፈትቶ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ከበስተኋላው ያለችውን የጎማ ቀለበት መመርመር ይገባል፤ መካኒኮች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉዋት እርስዋን ነው።

ተንሳፋፊው የናስ ከሆነ በጆሮ አጠገብ መነቅነቅ ነው፤ በውስጡ ቤንዚን ከተሰማ ተበስቷልና አይንሳፈፍም። በሙቅ ውኃ ቢጠልቅ ከቀዳዳው አረፋ ይወጣል። ቤንዚኑ ፈጽሞ ሳይወጣለት በእሳት መበየድ ግን ፍንዳታ መጥራት ነው። ተንሳፋፊው ደኅና ሆኖ ክንዱ የተጣመመ እንደ ሆነም መርፌዋ ዘግይታ ትዘጋለች፤ ይህም በመኪናው መጽሐፍ በተጻፈው ልክ በሚሊ ሜትር ይስተካከላል።

ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ መንጠባጠቡ ቢቀጥል፥ ራስዋ የናስ ቱቦ ተሰንጥቃ ይሆናል። ጽዋዋን ፈትቶ ከቱቦዋ አፍ ዝቅ አድርጎ ቤንዚን መሙላትና በደረቅ ወረቀት በላይ መያዝ ነው። ወረቀቱ ከረጠበ ጥፋቱ በቱቦዋ ወይም ከሥር ባለው የማውረጃ ብሎን ነው፤ መርፌዋ በከንቱ ተወንጅላለች።

ወደ ውጭ ከሚፈሰው ይልቅ የሚያስፈራው ወደ ውስጥ የሚገባው ነው። የትርፍ ማፍሰሻው ከተደፈነ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ ይወርዳል። በባለ አራት ምት ሞተር ከዘይቱ ጋራ ይቀላቀላል፤ የዘይቱ ልክ ከፍ ቢል፥ ቤንዚንም ቤንዚን ቢሸት፥ ዘይቱ ሳይለወጥ ሞተሩን ማስነሣት ብረቱን ማስበላት ነው። የማስነሻው እግር እንደ ወትሮው አልወርድ ካለም በጉልበት መርገጥ አይገባም፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ ሞልቶ ከሆነ የፒስተኑ ክንድ ይጣመማል። ካንዴላውን ፈትቶ፥ የካንዴላውን ሽቦ ብልጭታ እንዳይሰጥ አርቆ፥ ፈሳሹን ቀስ ብሎ ማስወጣት ይሻላል።

የቤንዚኑ ዓይነትም ሊታሰብ ይገባዋል። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 5 ከመቶ ኤታኖል ከቤንዚን ጋራ መቀላቀል ተጀምሮ፥ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 ከመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ኤታኖል ከስኳር ተረፈ ምርት የሚገኝ የአገር ሀብት ነው፤ ሆኖም እርሱ ሳይታሰብ የተሠሩትን አሮጌ የጎማ ዕቃዎች ያሳብጣል፥ ውኃም ይስባል። ስለዚህ ለአሮጌ መኪና መለዋወጫ ሲገዛ ኤታኖል የሚችል ጎማ መጠየቅ ይጠቅማል።

«ጥቂት ጠብታ ምን ይጎዳል» ለሚል ሰው ሒሳቡ ይህ ነው። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ የሚወርድ ከሆነ በ24 ሰዓት 86,400 ጠብታ ይሆናል፤ ይኸውም ከ1 ሊትር ይበልጣል። ጥገናው እስኪፈጸም ድረስ፥ ሞተሩ በቆመ ቁጥር የቤንዚኑን መዝጊያ መዝጋት የሹፌሩ ግዴታ ተደርጎ ይታዘዝ። ከጥገናም በኋላ መዝጊያውን ከፍቶ፥ ከሥር ደረቅ ወረቀት አንጥፎ፥ ሩብ ሰዓት ሳያስነሡ መጠበቅ ነው።

ዕቃ መጠየቅ ግድ ከሆነም በደብዳቤው ላይ የሞተር ብስክሌቱ ዓይነትና የተሠራበት ዓመት፥ በካርቡራቶሩ አካል ላይ የተቀረጸው ቁጥር፥ ቤንዚኑ የሚወጣበት ስፍራ፥ መርፌዋ በትንፋሽ ስትፈተን የታየው ነገር ይጻፍ፤ የተበላችው መርፌ ወይም ቀለበት ራስዋም በፖስታ ውስጥ ታሽጋ ትላክ።